ቁጥር ከላይ ይወርዳል፣ ስም ከታች ይጻፋል

የወለተሥላሴ ግራ እጅ ማስመሪያውን ወረቀቱ ላይ ተጭኖታል፤ ቀኝ እጇ እርሳሱን ከላይ ወደ ታች ይስባል። አንድ መስመር ለስም፣ አንድ ለጾታ፣ አንድ ለተወለዱበት ዘመን፣ አንድ ለዕድሜ። መስመሩ ሲጣመምባት ምላሷን በጥርሷ ያዝ አድርጋ በላጲስ ታጠፋና እንደገና ትጀምራለች። እነዚህ እጆች ሃያ ዓመት ሙሉ በጥጥ ፋብሪካ መፍተያ ክፍል የኖሩ ናቸው። የተበጠሰ ክር ሲያገኙ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አሽት አድርገው፣ ዓይን ሳይከተላቸው ቀጥለው ይለቁታል። መስመር ማስመር ግን አዲስ ሥራ ነውና ያልባቸዋል።

ጊዜው ጥቅምት 1976 ዓ.ም.፣ እሑድ ጧት ነው። ቦታው ቃሊቲ፣ ከትልቁ መንገድ ገባ ብሎ፣ አምስት አባወራ በአንድ ቧንቧና በአንድ በር የሚኖርበት ግቢ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጉተማ ትናንት አስጠርቷት ነበር። ጉተማ እዚያው ፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ሊቀመንበር ሆኖም ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ አልለቀቀውም።

«ጓድ ወለተሥላሴ፣ ያንቺ ጽሑፍ ይነበባል» አላት። «የኔ ጸሐፊ የሚጽፈውን የሚያነቡት እሱና ሰይጣን ብቻ ናቸው። ከመንገዱ ወዲህ ያለውን ሃምሳ ሁለት ቤት አንቺ መዝግቢልኝ። ለኅብረት ሱቁ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሁሉ ከእንግዲህ ስኳሩንና ሳሙናውን በራሱ ስም ይወስዳል።»

ይህ ለወለተሥላሴ ትንሽ ነገር አልነበረም። ፊደል የቆጠረችው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባቡር ላይ ይሠራ የነበረው ባሏ የሞተ ጊዜ የመጣላትን ወረቀት የሚያነብላት አጥታ፣ ሦስት ቀን በጉያዋ ይዛው ዞራለች፤ ለሦስት ቀን ባሏ ለሷ በሕይወት ነበር። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ከፈረቃ ወጥታ፣ ጥጡን ከፀጉሯ ሳታራግፍ፣ ቀበሌው አዳራሽ አግዳሚ ላይ ሄዳ የተቀመጠችው በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው።

አስተማሪዋ ቡልቻ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ፊደሉን ከጨረሱ በኋላ ታሪክ ማስተማር ጀመረ። ሰሌዳው ላይ የነገሥታቱን ስም ከላይ እስከ ታች ይደረድርና በየስማቸው ትይዩ የወሰኑትን ይጽፋል፤ ይህኛው ከተማ ቆረቆረ፣ ያኛው ባቡር አስገባ፣ ያኛው ርስት ሰጠ፣ ያኛው ርስት ነጠቀ። ጽፎ ሲጨርስ ጠመኔውን ከእጁ እያራገፈ «ታሪክን የሚሠራው ግን ሰፊው ሕዝብ ነው» ይላል።

«መምህር» አለች አንድ ቀን ወለተሥላሴ፣ «ሰሌዳው ላይ ያለው ስም ሁሉ የንጉሥ ነው። ሰፊው ሕዝብ ታዲያ የት አለ?»

ቡልቻ ሳቀ። «እማማ፣ እርስዎ እኮ ሰፊው ውስጥ ነዎት።»

«ሰፊ ከሆነማ አንድ ሰው ቢጎድልም አይታወቅ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች።

ትምህርቱን ግን ወደደችው። ሕይወቷን ሙሉ እንደ ዝናብና እንደ ውርጭ ዝም ብሎ የሚመጣ ይመስላት የነበረው ነገር ሁሉ፣ አንድ ቦታ የተቀመጠ አንድ ሰው የወሰነው ሆኖ ተገኘ። ባሏ ሐዲድ ላይ የሞተው ባቡር ይግባ የተባለ ቀን ነው። እሷም ጥጥ የምትፈትለው ፋብሪካ ይቁም ስለተባለ፣ ፊደል ያወቀችውም ዘመቻ ይታወጅ ስለተባለ ነው። ትልቁ ሰው ይወስናል፣ ትንሹ ሰው ይነቃነቃል። ውሳኔው ከዚያ እስከዚህ በማን እጅ እንደሚያልፍ ግን ያን ጊዜ አልጠየቀችም፤ ቡልቻም አላስተማራትም።

የግቢው ጋዜጣ አንባቢ ሆነች። በግንቦት 1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ፣ ሴቶቹ ቧንቧው ሥር ልብስ እያጠቡ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያነበበችላቸው እሷ ናት። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት፣ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት።

«አፍሽ ይባረክ፣ ልክ እንደ ራዲዮ ነው የምታነቢው» አለቻት ላጢፋ።

አዋጅ በየወሩ ይወጣ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። የተደነቀው አነባበቧ ነው።

ላጢፋ ከግድግዳ ወዲያ የምትኖር የወሎ ሰው ናት። ባሏ ደርዊሽ በአሰብ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከአሥራ አምስት ቀን ሁለቱን ቀን ቤቱ ካደረ ብዙ ነው። አራት ወልዳ ሦስቱን ቀብራ የተረፋት አንድ ከማለዲን ነው፤ መንገድ ዳር ካለ ጎሚስታ ቤት ጎማ የሚለጥፍ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር አዋቂ ልጅ። ወለተሥላሴ ልጇን አስቴርን ያማጠች ሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሰቻት ላጢፋ ናት። በፋሲካ የአንዷ ቤት በግ፣ በኢድ የሌላዋ በግ ሲታረድ ሥጋው አይቀላቀልም እንጂ ልጆቹ አንድ ላይ ያደጉ ናቸው።

እንግዲህ ያን እሑድ ወለተሥላሴ መዝገቧን አሰናድታ ከቅርቡ ቤት ጀመረች።

«ከማለዲን መቼ ተወለደ?»

«እኔ ምን አውቄ! ዓመተ ምሕረት የተማረ ሰው ነገር ነው» አለች ላጢፋ፣ ሽንኩርቷን እየላጠች። «ንጉሡ ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው ክረምት የለም? ከተማው መብራት በመብራት ሆኖ፣ ደርዊሽ በመኪና ጭኖን ሄዶ ያሳየን? ያኔ ጡቴ ላይ ነበር።»

«እሱማ 1959 ነው» አለች ወለተሥላሴ። እንዲህ ያለውን ከሰሌዳው ላይ አጥንታዋለች፤ ደስ አላት። «ጡት ላይ ስትይ የስንት ወር?»

«ጡት ላይ ነዋ! ጡት ደግሞ ወር አለው?»

«አንገቱ ጸንቶ ነበር?»

«እኔ መብራቱን ነው ያየሁ እንጂ አንገቱን መቼ አየሁ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሰፈሩ ሁሉ ዕድሜውን የሚቆጥረው እንዲህ ነው፤ ይህኛው በታኅሣሡ ግርግር ማግሥት፣ ያኛው ንጉሡ የወረዱ ሰሞን። ሰው የራሱን ልደት በገዢው ሰርግና በገዢው ሐዘን ላይ ያንጠለጥላል። ወለተሥላሴ የመዝገቡ ጠርዝ ላይ ቀነሰች። 1959 ካለች ልጁ አሥራ ሰባት ነው። ጡት ላይ ያለ ልጅ ግን ዓመት የሞላውም ሊሆን ይችላል፤ 1958 ካለች አሥራ ስምንት ይሆናል። ቀና ብላ ገመዱ ላይ የተሰጣውን የከማለዲንን ሸሚዝ አየች፤ የጎማ ጥላሸት ታጥቦም አልለቀቀውም። ላጢፋ ከሳምንቱ ግማሹን ሳሙና አጥታ በእንዶድ ታጥብ ነበር።

«1958 ልበለው» አለች። «ሳሙናውን በራሱ ስም ይወስዳል።»

«ኧረ በዪልኝ እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ!»

ከማለዲን በሩ ላይ ተደግፎ ሁሉን ይሰማ ነበር። «እትዬ ወለቴ፣ በአንድ ቃል አንድ ዓመት ጨመሩልኝ? እንግዲያው ሚስትም ይጨምሩልኝ።»

«አንተ ዋልጌ! በመጀመሪያ ሸሚዝህን እጠብ።»

የልደቱ ዓመት ምን ይሆን ብሎ እሱን የጠየቀው የለም። ወለተሥላሴ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ባማረ ፊደል ጻፈችው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። እሷ ያየችው ግን ሳር እንኳ አልነበረም፤ ግማሽ ሳሙና ነበር።

በጥር ወር፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ቀበሌው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ሴቶቹ ወለተሥላሴን ከፈረቃ ስትመለስ ጠብቀው ያዟት፤ ማን ያንብብላቸው ሌላ? ከላይ ጀመረች። ለእናት አገር ጥሪ የተመረጡ፣ ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት እዚሁ እንዲገኙ። ሃያ ሁለት ስም። አንድ ስም በጠራች ቁጥር ከኋላዋ አንዲት ሴት ትጮኻለች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ድምፅዋ ቆመ።

«ምን ሆንሽ? አንብቢው እንጂ» አለች ላጢፋ።

«ከማለዲን ደርዊሽ። አሥራ ስምንት።»

«እንደገና አንብቢው።»

እንደገና አነበበችው። ጽሑፉ የቀበሌው ጸሐፊ ነው፤ ቁጥሩ ግን የሷ ነው።

ጉተማ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር።

«የሱቅ መዝገብ ነው ብለኸኝ!»

«የሱቅ ነበር። አሁን የአገር ሆነ። ሌላ መዝገብ የለኝም።»

«ልጁ አሥራ ሰባት ነው። ለሳሙና ብዬ አንድ ዓመት የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ጉተማ ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ይህን ቃል ለሌላ ሰው እንዳትደግሚው፤ ሰምተሻል? መዝገብ ማጭበርበር አሻጥር ነው። አሻጥረኛ የሚሄድበትን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ። አስቴር ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«እንግዲያው።»

«ይህን የወሰነው ማነው?»

«ከላይ ነው።»

«ከላይ የት?»

«እኔ የማውቀው ከቀበሌ በላይ ያለውን ከፍተኛውን ነው። ከዚያ በላይ ያለውን እግዜር ይወቅ።»

ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ሲባል ያደገች ሴት ናት። ሆኖም በማግሥቱ ፈረቃዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በእግሯ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄደች። ቁጣና ግልምጫ ነበር የጠበቀችው። የተቀበላት ሰው ግን ወንበር አቀረበላት፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ደግነቱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን እሱ ላይ ጥላ ትመለስ ነበር።

«እናቴ፣ እኛ ስም አናውቅም» አላት። «ከበላይ ለኛ የሚወርደው ቁጥር ነው። እኛም ለየቀበሌው የምናወርደው ቁጥር ነው። ከማለዲን የሚባል ሰው መኖሩን አሁን ከእርስዎ ሰማሁ። ስም የሚመጣው ከታች ነው።»

ስትመለስ መንገዱ ረዘመባት። ቡልቻ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ሁሉ በዓይኗ ዞረ። ውሳኔ ከላይ ሲነሳ ፊት የለውም፤ ይህን ያህል ሺህ ነው። ሲወርድ ይህን ያህል መቶ ይሆናል፣ ሲወርድ ሃያ ሁለት ይሆናል። ከታች ሲደርስ ግን አንድ ሰው እርሳስ ይዞ ይጠብቀዋል። ቁጥሩ ዓይንና አፍንጫ የሚያወጣው በዚያ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ጎረቤት ነው።

ሐሙስ ዕለት ጉተማ ፊት ቆመች። «ስም የሚመርጠው ቀበሌ ነው ብለውኛል። እንግዲህ አንተ ነህ። አውጣልኝ።»

ጉተማ ፊቱን በመዳፉ አሻሸ። ሳይተኛ የከረመ ይመስላል።

«ሃያ ሁለት ተብያለሁ። ሃያ አንድ ይዤ ብሄድ ሃያ ሁለተኛው እኔ ነኝ። አራተኛውን ስም አየሽው? የወንድሜ ልጅ ነው። ወንድሜ ከትናንት ጀምሮ ሰላም አይለኝም።» መሳቢያውን ስቦ የሷን መዝገብ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ በላዩ አስቀመጠ። «በይ፣ ከማለዲንን ሰርዢው፤ እኔ አላየሁም። በሱ ቦታ ግን አንድ ስም ጻፊ። ሠፈሩን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ወለተሥላሴ ተቀመጠች። እስክሪብቶውን አነሳች፤ ይህን አትደብቅም። ጣቷን በራሷ ፊደል ላይ ቁልቁል ነዳችው። ሙሀመድሁሴን፣ ሃያ፤ መንተብተብ አለበት፣ ትእዛዝ ሲሰጡት መልስ እስኪያወጣ ይገድሉታል። ካሳሁን፣ አሥራ ዘጠኝ፤ እናቱ መሰለች የልብ ሕመምተኛ ናት፣ በሰማች ቀን ትሞታለች። የወልደየሱስ ሁለት ልጆች፤ ሁለት ናቸውና አንዱ ቢሄድ አንዱ ይቀራል አለች በልቧ፣ ወዲያውም ደነገጠች። ጣቷ ወረደ። ጀቤሳ፣ ሃያ አንድ። እናት የለው፣ አባት የለው፤ እህል ገበያ ከረጢት እየተሸከመ እዚያው የሚያድር ልጅ። ጣቷ ቆመ። ቢሄድ ማን ያለቅስለታል? ቀበሌ በር ላይ ማን ይጮኻል? የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ነካ።

ያን ጊዜ ነው የገባት። እነዚያ ሰሌዳው ላይ ስማቸው የተደረደረው፣ እነዚያ በራዲዮ የሚናገሩት፣ በምን ዓይነት ልብ እንደሚወስኑ ሁልጊዜ ይገርማት ነበር። ሌላ ልብ፣ ከብረት የተሠራ ይመስላት ነበር። እሷ ግን አሁን፣ በዚህች ወንበር ላይ፣ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ የሚያለቅስለት የሌለውን ፈልጋ አገኘችው። ማንም አላስተማራት። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ጩኸቱ የማይሰማውን ሰው ትፈልጋለህ።

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «አልችልም።»

«እኔም መጀመሪያ አልቻልኩም ነበር» አለ ጉተማ።

ቅዳሜ መኪናው መጣ። ላጢፋ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው። ደርዊሽ አሰብ ነበር፤ አልደረሰም። ከማለዲን ከመኪናው ላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘ፤ ከጎሚስታ ቤት የወጡ ጓደኞቹ «ጎማው ቢፈነዳ አንተ አለህ!» እያሉ ያሾፉበት ነበር፣ እሱም ይስቅ ነበር። ጀቤሳ ከረጢቱን ተሸክሞ በመንገዱ ማዶ አለፈ፤ መኪናውን ዘወር ብሎም አላየው።

ለላጢፋ የነገረቻት በሦስተኛው ቀን ነው። ዝም ማለት ትችል ነበር። ከፍተኛው ጋ መሄዷን፣ ጉተማ የዘረጋላትን መዝገብ፣ እስክሪብቶውን፣ ሁሉን ነገረቻት። ላጢፋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እስክሪብቶው በእጅሽ ነበር?»

«ነበር።»

«መሰረዝ ትችዪ ነበር?»

«በሱ ፈንታ ሌላ መጻፍ ነበረብኝ፣ ላጢፋ። የሰው ልጅ…»

«ለሰው ልጅ ደግ ሆንሽ። ለኔስ?» ላጢፋ አልጮኸችም። «የኔን ስትጽፊ ምላስሽን ነክሰሽ፣ አሳምረሽ ነው የጻፍሽው። ደግነትሽ የመጣው የሌላውን ልትጽፊ ስትይ ነው። አንቺ ሴት ነው የወለድሽው፤ እግዜርሽ አዋቂ ነው።»

የጀቤሳን ስም ብትጽፍ ኖሮ ኃጢአት ነበር፤ ባለመጻፏም ጽድቅ አላገኘችም።

ከዚያ በኋላ ላጢፋ ቡናዋን ሌላ ቤት መጠጣት ጀመረች። ነገር ግን ደብዳቤ መጣ። ላጢፋ ማንበብ አትችልም፤ ደርዊሽም አይችልም፤ ግቢው ውስጥ ያለው አንባቢ አንድ ነው። ላጢፋ ፖስታውን ይዛ መጣች፣ ሳትቀመጥ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ «አንብቢው» አለች። ወለተሥላሴ አነበበች። ደህና ነኝ ይላል፤ ጫማ ጠቦኛል ይላል፤ ጎሚስታ ቤት በኔ ቦታ ሰው ቀጠሩ ወይ ይላል። ስትጨርስ ላጢፋ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብላ ወጣች። ሁለተኛው እንዲሁ። ሦስተኛው አጭር ነበር፤ ያለንበትን መጻፍ አይፈቀድም ይላል፣ ሌሊቱ ብርድ ነው ይላል። ያን ቀን ላጢፋ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ዘወር ሳትል፣ «ብርድ የምትለዋን እንደገና አንብቢልኝ» አለች። አነበበችላት።

አራተኛ አልመጣም። ሁለቱ ዓመት አለፈ፣ አራትም አለፈ። ሞቷል የሚል ወረቀትም አልመጣም፤ ለሱ ደግሞ ቁጥር እንጂ ስም የያዘ ሰው አልነበረም መሰል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን፣ እግራቸው ያበጠ፣ ካኪያቸው የተቀደደ ወታደሮች በየመንገዱ ፈሰሱ። ሁለቱ ሴቶች መንገድ ዳር ወጥተው፣ ተነጋግረው ሳይሆን እንዲያው ተገጣጥመው፣ ጎን ለጎን ቆሙ። ላጢፋ ለያንዳንዱ ውሃ ትሰጥና «ከማለዲን ደርዊሽ፣ የቃሊቲ ልጅ፣ ረጅም፣ ታውቀዋለህ?» ትላለች። አንዱ፣ ጎልማሳ፣ ውሃውን ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስ፣ «እናቴ፣ ስም ማን ያውቃል፤ እዚያ በቁጥር ነው የምንጠራው» አላት።

ጉተማ በዚያው ሰሞን ታስሮ ነበር፤ ሰዎች ሂጂና መስክሪበት አሏት። አልሄደችም። ይቅር ብላው አይደለም። የሱ ስም ተጽፎ የሷ ሳይጻፍ የሚቀርበት ችሎት ፊት መቆም አልፈለገችም። ላጢፋ ከሦስት ዓመት በኋላ ሞተች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለቻትም፤ ወለተሥላሴም አልለመነቻትም።

አሁን አርጅታለች። የልጅ ልጇ፣ የአስቴር ልጅ፣ ከትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፍ ይዛ ትመጣለች፤ የመሪዎችና የባለሥልጣናት ውሳኔ የአገርን ዕድል እንዴት እንደለወጠ የሚያስተምር። ወለተሥላሴ መነጽሯን አድርጋ ገጽ በገጽ አነበበችው። ስለዚያ ዓመት አንድ መስመር አለ፤ መንግሥት የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አወጣ ይላል። ሐሰት የለበትም። ማን መዘገበ፣ ማን አነበበ፣ ማን እስክሪብቶ ያዘ፣ የሚል ግን የለበትም። የቀበሌው መዝገብ በግርግሩ ጊዜ ተቃጥሏል ይባላል፤ እዚያ ሄዳ ልታርመው አትችልም።

ስለዚህ ይህን ከምታነቡት ከእናንተ አንድ ነገር ትለምናለች። በቤታችሁ የዚያን ዘመን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ ካለ፣ አዋጁ የተጠቀሰበትን ገጽ ፈልጉና፣ በኅዳጉ ላይ፣ በማንኛውም ጽሑፍ፣ ባያምርም ግድ የለም፣ እንዲህ ብላችሁ ጻፉላት፤ ከማለዲን ደርዊሽ፣ አሥራ ሰባት።